በጎጃም በረንዳ የታሪክ ፊልም ለሚገዙ

የታሪክ ጦርነት ፊልም ገዝቶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው አንድ ዕቃ የያዘ ይመስለዋል እንጂ የያዘው ሁለት ነው፤ ፊልሙ አንድ፣ ቅጂው ሌላ። ፊልሙን የሠሩት ዳይሬክተሩና ተዋናዮቹ ናቸው። ቅጂውን ያዘጋጀው ደግሞ ከዓመታት በኋላ የመጣ አንድ ኩባንያ ወይም ኮምፒውተር ያለው አንድ ልጅ ነው። «ይሄ ፊልም አይረባም» ተብሎ ከሚጣለው ውስጥ ብዙው ጥፋቱ የቅጂው ነው፤ «ግሩም ነው» ተብሎ ከሚወደሰውም ምስሉ ስለጠራ ብቻ የተወደሰ አይጠፋም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምከራከርለት ነገር አንድ ነው፦ መጀመሪያ ቅጂውን ይመርምሩ፣ ከዚያ በኋላ ፊልሙን ይፍረዱ። በተገላቢጦሽ ከሄዱ ያላዩትን ፊልም ይኮንናሉ፣ ወይም ያልመረመሩትን ታሪክ ያምናሉ።

ለማሳያ የመረጥኩት እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣውን «ላየን ኦፍ ዘ ደዘርት»ን ነው። ሻጮች ብዙ ጊዜ «ኦማር ሙክታር» ብለው ካልጠየቋቸው አያወጡትም። ዳይሬክተሩ ሶሪያ ተወልዶ አሜሪካ የሠራው ሙስጠፋ አቃድ ነው፤ የሊቢያውን አርበኛ ኦማር ሙክታርን አንቶኒ ኩዊን፣ የጣሊያኑን ጄኔራል ግራዚያኒን ኦሊቨር ሪድ፣ ሙሶሊኒን ሮድ ስታይገር ይጫወታሉ። ከብዙ የታሪክ ፊልሞች መካከል ይህን የመረጥኩት የኢትዮጵያ ተመልካች ለዚህ ፊልም ከማንም የበለጠ ዳኛ መሆን ስለሚችል ነው። ሊቢያ ላይ ሽማግሌውን አርበኛ መስከረም 5 ቀን 1924 ዓ.ም. ያሰቀለው ግራዚያኒ፣ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አዲስ አበባን ደም በደም ያደረገው፣ በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ደግሞ የደብረ ሊባኖስን መነኮሳት ያስፈጀው ያው ግራዚያኒ ነው። ፊልሙን የሚገዙበት ጎጃም በረንዳ ያለበት መርካቶም ቢሆን ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የአገሬውን ሰው ገበያ ከአራዳ ነጥለው ወደ ምዕራብ ሲያሸሹ የቆመ ሰፈር ነው።

ከመክፈልዎ በፊት ዲስኩን ገልብጠው ይዩ። ፋብሪካ ያተመው ዲስክ ጀርባው ብርማ ነው፤ በኮምፒውተር የተገለበጠው ወደ ሐምራዊ ወይም ወደ ሰማያዊ ያደላል። የሽፋኑ ማማር ምንም አያረጋግጥም፣ ሽፋን ማተም ከሁሉም ይቀላል። ቀጥሎ ሻጩ እንዲያጫውትልዎ ይጠይቁና መጀመሪያውን ሳይሆን መጨረሻውን ያስከፍቱ። ብልሽት የሚበዛው በዲስኩ ዳር በኩል ነው፣ ዲስክ ደግሞ የሚነበበው ከመሀል ወደ ዳር ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻው ሩብ ሰዓት ሳይንተፋተፍ ከሄደ ሌላው ብዙውን ጊዜ ደህና ነው። ይህ ፊልም የሚያልቀው በስቅላቱና ከሽማግሌው እጅ በወደቀው መነጽር ነው። መነጽሩን የሚያነሳውን ልጅ ሳያዩ ገንዘብ አይስጡ። አንድ ሻጭ «አልችልም፣ ተጫዋቹ ተበላሽቷል» ካለዎት ከጎኑ ያለው ይችላል።

ሁለተኛው ምርመራ ርዝመት ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ፊልሙ በሲኒማ ቤት 173 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። በእጅዎ ያለው 130 ደቂቃ ካለ ያለ ጥርጥር ተቆርጧል። 166 ካለ ግን አይጣሉት። ሲኒማ በሰከንድ 24 ምስል ሲያሳይ ፓል የሚባለው የአውሮፓ ቴሌቪዥን ሥርዓት 25 ያሳያል፤ ወደ ፓል የተቀዳ ፊልም ከመቶ አራት እጅ ያህል ስለሚፈጥን ምንም ሳይጎድል ሰባት ደቂቃ ያጥራል። ልዩነቱ ከዚያ ካለፈ ግን የሆነ እጅ የሆነ ነገር ቆርጧል ማለት ነው። የድሮው ቪሲዲ አንዱ ዲስክ ከ80 ደቂቃ በላይ አይዝም፣ ስለዚህ ይህ ፊልም በቪሲዲ ሦስት ዲስክ መሆን አለበት፤ በሁለት ከተሸጠልዎ ቀሪው የት እንደሄደ ሻጩን መጠየቅ መብትዎ ነው።

ርዝመት ይህን ያህል የሚያሳስበው ለምን እንደሆነ የሪድሊ ስኮት «ኪንግደም ኦፍ ሄቨን» በደንብ ያሳያል። ስለ ኢየሩሳሌምና ስለ ሳላሃዲን የተሠራው ይህ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2005 ለሲኒማ ሲወጣ 144 ደቂቃ ነበር፤ ብዙ ተቺዎችም ሰዎቹ ለምን እንዲያ እንደሚሆኑ አይገባም ብለው ነቅፈውታል። በማግሥቱ ዓመት የዳይሬክተሩ ቅጂ ተብሎ በዲቪዲ የወጣው ወደ 190 ደቂቃ ይጠጋል፤ በአጭሩ ቅጂ ፈጽሞ የማይታየው የንግሥቲቱ ልጅ ታሪክ በረጅሙ ተመልሶ ገብቷል። ልጁ ሲገባ የእናቲቱ ሁኔታ ትርጉም አገኘ፣ በእሷ ዙሪያ ያለው የሥልጣን ሽኩቻም ተያያዘ። ፊልሙ ያው፣ ዳይሬክተሩ ያው፣ ተዋናዮቹ ያው፤ ፍርዱ ግን ተገለበጠ። የአቃድ ሌላ ፊልም፣ እ.ኤ.አ. በ1976 የወጣው «ዘ መሴጅ»ም የሚነግረን ተመሳሳይ ነገር ነው፦ አንድ ጊዜ በአረብኛ ከአብደላ ጌይስ ጋር፣ አንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ ከአንቶኒ ኩዊን ጋር ተቀርጿል። ሁለት ሰዎች በአንድ ርዕስ ሲከራከሩ ሁለቱም ሌላ ሌላ ፊልም አይተው ሊሆን ይችላል።

ወርዱን ማየትም አይርሱ። «ላየን ኦፍ ዘ ደዘርት» የተቀረጸው በሰፊ ሌንስ ነው፤ የምስሉ ወርድ የቁመቱን ሁለት እጥፍ ከሲሶ ያህል ይሆናል። በትክክለኛው ቅጂ ላይና ታች ጥቁር መስመር ይታያል። ጥቁሩ መስመር የጎደለ ምስል ይመስልና ብዙ ሰው «ሙሉ ስክሪን» የተባለውን ይመርጣል፤ እውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ይህን ምስል በድሮ ቴሌቪዥን ልክ የሞላ ሰው ከግራና ከቀኝ ከመቶ አርባ እጅ በላይ ቆርጦ ጥሏል። በጦርነት ፊልም የተቆረጠው ዳር ባዶ ሜዳ አይደለም። አድፍጦ የሚጠብቀው ፈረሰኛ በግራ ጥግ፣ በሸለቆው የሚገባው የታንክ ሰልፍ በቀኝ ጥግ ነው የሚሆነው። አንዱ ከተቆረጠ ማን ማንን እንደከበበ አይታወቅም፣ ተመልካቹም «ውጊያው ዝብርቅርቅ ነው» ብሎ በዳይሬክተሩ ይፈርዳል። በቀላሉ ለመለየት ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ለጠረጴዛ የሚነጋገሩበትን ቦታ ይፈልጉ፤ አንደኛው አፍንጫው ብቻ ከታየ ወርዱ ተበልቷል። ሰዎቹ ሁሉ ቀጥነው ረዝመው ከታዩ ደግሞ ምስሉ ተጨምቋል፣ እሱ ብዙ ጊዜ በቴሌቪዥኑ ማስተካከያ ይድናል።

ዛሬ ግን ብዙው ገዢ ዲስክ አይገዛም፣ በፍላሽ ወይም በሚሞሪ ያስጭናል። እዚህ ላይ መጠየቅ ያለበት የፋይሉ መጠን ነው። 173 ደቂቃ በ700 ሜጋባይት ሲታጨቅ ለአንድ ደቂቃ የሚደርሰው አራት ሜጋባይት ገደማ ነው፤ አንድ የመረጃ ንብርብር ባለው ዲቪዲ 27 ያህል፣ በ25 ጊጋባይት ብሉሬይ ደግሞ ከ140 በላይ። ሁለት ሰው ቁጭ ብሎ ሲያወራ በአራት ሜጋባይቱም ሊኬድ ይችላል፣ ምክንያቱም ከአንዱ ምስል ወደ ሌላው የሚለወጠው ከንፈር ብቻ ነው። አቧራ፣ ጭስና የፈረስ ጋማ ግን በየቅጽበቱ ስለሚለዋወጡ ማጨቂያው አይችላቸውም፤ ምስሉ ወደ ትንንሽ አራት ማዕዘኖች ይሰባበራል። የበረሃ ጦርነት ፊልም ደግሞ አቧራና ጭስ ነው። ስለዚህ ለሙከራ ታንኮቹ አቧራ የሚያስነሱበትን ቦታ ያስከፍቱ። አዳዲሶቹ የማጨቂያ ዘዴዎች በትንሽ መጠን የተሻለ ምስል እንደሚይዙ እውነት ነው፣ ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን አይፍረድ፤ አቧራው ይፍረድ።

ድምፁን በአጭሩ ልለፈው። በአማርኛ ተራኪ የተጫነበት ቅጂ ለቤተሰብ ይመቻል፣ ነገር ግን አንድ ሰው በሁሉም ገጸ ባሕርይ ላይ ሲናገር ሞሪስ ዣር ለፊልሙ የሠራው ሙዚቃ ይሰምጣል፣ የጠላትና የወዳጅ ቃና አንድ ይሆናል። ምርጫ ካለ ዋናው ድምፅ ከሰብታይትል ጋር ይሻላል።

«ይህ ሁሉ ለአንድ ሲዲ? ታሪኩ ገባኝ አልገባኝ ነው ዋናው» የሚል ሰው ይኖራል። መልሱ ከላይ ባሉት ማስረጃዎች ውስጥ አለ፤ ታሪኩ የሚገባው በምስሉ ነው፣ ምስሉ ከተቆረጠ ታሪኩም ተቆርጧል። ጠንከር ያለው ተቃውሞ የዋጋው ነው። ኦሪጅናል ቅጂ ውድ ነው፣ እዚህ ገበያ ላይ ማግኘትም ከባድ ነው፤ ከውጭ የመጣ ዲቪዲ ደግሞ አገራችን የምትገኝበት የዲቪዲ ክልል 5 ካልሆነ ወይም ተጫዋቹ ሁሉንም ካልተቀበለ አይከፍትም። ይህ እውነት ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ግን ያለ ፈቃድ አባዝቶ መሸጥን ይከለክላል፣ የኪስ ማጠር አዋጁን አይሽረውም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካለ ሽቶ ከማስመጣት ኦሪጅናል ዲስክ ማስመጣት ይሻላል እላለሁ፤ ዲስኩ ዕድሜ አለው።

ቅጂው ካለፈ በኋላ ወደ ፊልሙ ይምጡ። ብዙ ተመልካች ታሪክ አዋቂነቱን የሚያሳየው ስህተት በመልቀም ነው፤ ያ ቁልፍ በዚያ ዘመን አልነበረም፣ ያ ጠመንጃ የሌላ አገር ነው። ይህ ጨዋታ ደስ ይላል እንጂ ፍርድ አይሆንም። የሚሻለው መለኪያ «የተለወጠው ነገር የጦርነቱን ምክንያት ይነካል ወይስ አይነካም?» የሚል ነው። «ብሬቭሃርት» እ.ኤ.አ. በ1995 ሲወጣ የስተርሊንግ ድልድይ ጦርነትን ያለ ድልድይ አሳየ። ድልድዩ ግን ጌጥ አልነበረም፤ ትንሹ የስኮትላንድ ጦር ትልቁን ያሸነፈው እንግሊዞቹ በጠባቡ ድልድይ በጥቂት በጥቂቱ ሲሻገሩ ቆርጦ ስለመታቸው ነው። ድልድዩ ሲወጣ የድሉ ምክንያትም አብሮ ወጣ፣ የቀረው ጀግናው ስለጮኸ አሸነፈ የሚል ተረት ነው። ዓድዋን ያለ ተራሮቹና ያለ ጣሊያን ክፍለ ጦሮች መለያየት ማሳየትም ያው ነው።

በዚህ መለኪያ «ላየን ኦፍ ዘ ደዘርት»ን ሲመዝኑት ዋናው ነገሩ ጸንቶ ይቆማል። ፊልሙ የሊቢያው ትግል እንዴት እንደተሸነፈ ሲያስረዳ የሚያሳየው የሕዝቡን መታጎር፣ የግብፅ ድንበር ላይ የተዘረጋውን እሾህ ሽቦና የኩፍራ ኦሳይስን መውደቅ ነው። ሦስቱም ሆነዋል። ወደ 100,000 የሚጠጋ የቂሬናይካ (የምሥራቅ ሊቢያ) ሰው ከቀዬው ተነቅሎ በሽቦ በታጠሩ ካምፖች ታጉሯል፤ የድንበሩ ሽቦ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ሽማግሌው የተሸነፈው ወኔ አጥቶ አይደለም፤ ስንቅና ወሬ የሚያቀብለው ሕዝብ ስለተነጠለበት ነው። ምክንያቱ ፊልሙ ውስጥ አለ፣ ስለዚህ እንደ ታሪክ ፊልም የመጀመሪያውን ፈተና አልፏል።

የሚጎድለውን ግን ኢትዮጵያዊ ተመልካች ከማንም ቀድሞ ሊያየው ይገባል። አንደኛ፣ ፊልሙ ክብደቱን ሁሉ በግራዚያኒ ጫንቃ ላይ ይጭናል። በዚያን ጊዜ የትሪፖሊታኒያና የቂሬናይካ ገዢ ባዶሊዮ ነበር፤ ግራዚያኒ የእሱ ምክትል ሆኖ ነው ቂሬናይካን የያዘው፤ ሕዝቡን ከአርበኛው ለመለየት በሰኔ 1930 እ.ኤ.አ. ትእዛዝ የጻፈውም ባዶሊዮ ነው። ይህ ሰው ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው፣ በሰሜን ግንባር የመርዝ ጋዝ ያዘነበው፣ ኋላም በ1943 እ.ኤ.አ. የጣሊያን ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ማርሻል ነው። ጥፋቱ ሁሉ የአንድ ጨካኝ ጄኔራል ሲሆን መንግሥቱ ይድናል። ሁለተኛ፣ በጣሊያን በኩል ማን እንደሚዋጋ ይመልከቱ። በማያ ገጹ ላይ ጎልቶ የሚታየው ጣሊያናዊው ወታደር ነው፤ በእውነቱ ግን በሊቢያ በረሃ ከተሰማሩት ብዙዎቹ ኤርትራውያን አስካሪዎች፣ ማለትም ለጣሊያን የተቀጠሩ ወታደሮች፣ ነበሩ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ደግሞ የሊቢያ አስካሪዎች በኦጋዴን ግንባር በግራዚያኒ ሥር ሆነው ኢትዮጵያን ወግተዋል። አፍሪካዊው በአፍሪካዊው ላይ እንዴት እንደተላከ ፊልሙ ገፍቶ አልጠየቀም፣ ለእኛ ግን ከታንኩ ይልቅ ይሄ ያንገበግባል።

«ፊልሙን የከፈለው ጋዳፊ ነው፣ ስለዚህ ፕሮፓጋንዳ ነው» የሚለው ተቃውሞ ከባዱ ነው። ወደ 35 ሚሊዮን ዶላር የሚገመተውን ወጪ የሊቢያ መንግሥት መሸፈኑ እውነት ነው። ነገር ግን ገንዘቡን ማን እንደከፈለ ማወቅ የምርመራ መነሻ ነው እንጂ ፍርዱ አይደለም። ካምፖቹን የጣሊያን ታሪክ ጸሐፊዎች፣ እነ አንጄሎ ዴል ቦካና ጆርጆ ሮሻ፣ ከራሱ ከጣሊያን ሰነድ አረጋግጠዋል። ግራዚያኒም ከተማረከው ኦማር ሙክታር ጋር ያደረገውን ንግግር በራሱ መጽሐፍ ጽፎታል። ከፋዩ የሚታየው በተጨመረው ውሸት ሳይሆን በተዘለለው ነገር ነው። ኦማር ሙክታር የሚዋጋው ሰኑሲያ የሚባለው የእስልምና መንፈሳዊ ማኅበር እንደራሴ ሆኖ ነበር፤ የማኅበሩ መሪ ኢድሪስ ኋላ የሊቢያ ንጉሥ ሆነ፣ በ1969 እ.ኤ.አ. ከዙፋኑ ያወረደው ደግሞ ጋዳፊ ነው። እንግዲህ ፊልሙ ለሰኑሲያ ጠባብ ቦታ ቢሰጥ አይገርምም። በየትኛውም የታሪክ ፊልም ላይ ይህን ያድርጉ፦ የከፈለውን ሰው ይወቁና እሱን የሚያሳፍረው ነገር ፊልሙ ውስጥ መኖሩን ይፈልጉ። ጣሊያን በበኩሏ ፊልሙን በ1982 እ.ኤ.አ. የሠራዊቷን ክብር ይነካል ብላ ከለከለች፤ በቴሌቪዥን የታየው ጋዳፊ ሮምን በጎበኘበት በ2009 እ.ኤ.አ. ነው። የጋዝ ቦምብ በኢትዮጵያ ላይ መጠቀሟንም የመከላከያ ሚኒስቴሯ ያመነው በ1996 እ.ኤ.አ. ነበር። ከልካዩም እንደ ከፋዩ የሚደብቀው ነበረው።

ቀጥሎ ውጊያውን ይመዝኑ። የሰው ብዛት ማስረጃ አይደለም፤ የበጀት ምልክት ነው። ጥሩ የውጊያ ትዕይንት ከመጀመሩ በፊት ቦታውን ያሳይዎታል፣ ማን ምን እንደሚፈልግ ያውቃሉ፣ ሲያልቅ ደግሞ ምን እንደተለወጠ መናገር ይችላሉ። ተዋጊዎቹ ላለመሸሽ የራሳቸውን እግር በገመድ የሚያስሩበት ትዕይንት ይህን ያሟላል፤ ከመቶ ፍንዳታ ይልቅ ያ ገመድ የሁለቱን ወገን አቅም ያስረዳል። ጠላትንም ይዩት። ሙክታር ምርኮኛውን ወጣት መኮንን ባንዲራውን ሰጥቶ ሲመልሰው፣ ከጣሊያኖቹም መካከል ኅሊናው የሚወቅሰው ሲኖር፣ ፊልሙ ጠላቱን ሰው ማድረግ አልፈራም። ጠላቱ ሁሉ ቂል የሆነበት ፊልም ድሉንም ርካሽ ያደርገዋል።

«እኛ የራሳችን ትልቅ የጦርነት ፊልም ሳይኖረን የሰው ፊልም ላይ መራቀቅ ምን ይፈይዳል?» ለሚለው፣ የኃይሌ ገሪማ «ዓድዋ» ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ሺህ ፈረሰኛ የለውም፤ በሥዕል፣ በዘፈንና በአዛውንት ቃል የተሠራ ዘጋቢ ፊልም ነው። በዚህ መመሪያ መለኪያ ግን ብዙ ሚሊዮን ከፈሰሰባቸው ይበልጣል፣ ምክንያቱም ሕዝቡ ለምን እንደዘመተ ያስረዳል። «ዘ ባትል ኦፍ አልጀርስ»ም በ1966 እ.ኤ.አ. በጥቁርና ነጭ፣ በአብዛኛው ተራ ሰዎችን አጫውቶ፣ አንድም እውነተኛ የዜና ምስል ሳይጠቀም ዜና መስሎ ተሠርቷል። ሁለቱንም ከአቃድ ፊልም ጋር በተለያየ ምሽት ያስተያዩ። ልዩነቱ ሲታይ የራስዎ መለኪያ ይስተካከላል።

በመጨረሻ፣ ልጆች ያሉበት ቤት ከሆነ ፊልሙን አስቀድመው ብቻዎን ይዩት። የካምፑ ስቅላትና የሲቪል ግድያው ሳይሸፋፈን ነው የሚታየው። ለአሥራ ሦስትና ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ከማብራሪያ ጋር ይሆናል፣ ከዚያ በታች ላለው ግን ሙሶሊኒ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ የሚናገርበትንና ሽማግሌው ሕፃናትን የሚያስተምርበትን መጀመሪያ አሳይቶ ማቆም ይቻላል። በፍላሽ ያስጫኑ ከሆነም ፋይሉን ወደ ኮምፒውተር ገልብጠው ያስቀምጡና በስሙ ላይ ርዝመቱንና የማን ቅጂ እንደሆነ ይጻፉበት፤ ሚሞሪው ለሌላ ሲጫን የሚጠፋው እሱ ነው።